ምዕራፍ ሰባት፦ ከኃያሉ ጎን

በማርች 1873 አንድ ምሽት የጀርመኑ ቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ እንግዶችን በርሊን ላይ እራት ጋበዘ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዶቹ የጃፓን መንግሥት መልእክተኞች ሲሆኑ መሪያቸው ኢዋኩራ ቶሞሚ ይባላል። ኋላ አገሪቱን የሚያሽከረክሯት ኦኩቦ ቶሺሚቺና ኢቶ ሂሮቡሚም አብረውት ነበሩ። ከአገራቸው ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል። አሜሪካን፣ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ዞረው ፋብሪካውንም፣ ፓርላማውንም፣ ትምህርት ቤቱንም ሲመዘግቡ ከርመዋል። ቢስማርክ ግን እስከዚያ ድረስ ማንም ፊት ለፊት ያልነገራቸውን ነገራቸው። ትልልቆቹ መንግሥታት ዓለም አቀፍ ሕግን የሚጠቅሱት ሲጠቅማቸው ነው፤ ሲጎዳቸው ጦራቸውን ያዘምታሉ። ትንሽ አገር ሕጉን አክብራ ብትኖር መብቷን የሚያስከብርላት የለም። ፕሩሲያም ይህን በራሷ ላይ አይታ ነው ኃይሏን ያደራጀችው አላቸው። የልዑካኑ ታሪክ ጸሐፊ ኩሜ ኩኒታኬ የንግግሩን ፍሬ ነገር መዝግቦ አስቀምጦታል።

ትምህርቱ ጃፓኖቹን ያስደነገጣቸው አይመስለኝም፤ ቀምሰውታልና። መልእክተኞቹ ባሕር ያሻገራቸው ዋና ጉዳይ አባቶቻቸው በመድፍ አፈሙዝ ሥር የፈረሙት ውል ነበር።

የውሉ ነገር የጀመረው የአሜሪካው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ በጁላይ 1853 አራት የጦር መርከቦች ይዞ ዛሬ ቶኪዮ ከምትባለው ከኤዶ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ መልሕቁን ሲጥል ነው። ብዙ መጻሕፍት ጃፓን እስከዚያ ቀን ሁለት መቶ ዓመት በሯን ዘግታ ተኝታ እንደነበረች ይነግሩናል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። አገሪቱን ይገዙ የነበሩት የቶኩጋዋ ሾጉኖች በ1639 ፖርቹጋሎችን አባርረዋል፤ ክርስትናንም ከልክለዋል። ሆኖም የሆላንድ ነጋዴዎች ከ1641 ጀምሮ ናጋሳኪ ወደብ ላይ በተሠራች ደጂማ በተባለች ሰው ሠራሽ ደሴት ይነግዱ ነበር። መርከባቸው በመጣ ቁጥር የዓለምን ወሬ ጽፈው ለሾጉኑ መንግሥት ማቅረብ ነበረባቸው። ቻይናውያንም ናጋሳኪ ይመጡ ነበር፤ ከኮሪያ ጋርም በቱሺማ ደሴት በኩል ግንኙነት ነበር። በሩ የተዘጋ ቢሆንም መስኮቱ ክፍት ነበር ማለት ነው። ኤዶ የነበሩት ባለሥልጣናት እንግሊዝ በኦፒየም ጦርነት ቻይናን እንዴት እንዳዋረደቻት ያውቁ ስለነበር፣ ፔሪን በጦር ሳይሆን በድርድር የተቀበሉት ዓለምን ባለማወቅ አልነበረም።

በ1854 ሁለት ወደቦች ተከፈቱ። ከባዱ ግን የ1858ቱ የንግድ ውል ነው። መጀመሪያ አሜሪካ፣ ወዲያው ተከትለው ሆላንድ፣ ሩሲያ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ፈረሙ። በውሉ መሠረት ጃፓን ውስጥ ወንጀል የሠራ የውጭ ዜጋ የሚዳኘው በአገሩ ቆንስል እንጂ በጃፓን ዳኛ አልነበረም። ጃፓን የምትጥለው የጉምሩክ ቀረጥም በውል የታሰረ ሆነ፤ ከፍ ላድርገው ብትል አትችልም። በ1908 ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የፈረመችውን የክሎቡኮውስኪን ውል የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የሾጉኑ መንግሥት በ1868 ወድቆ የሜይጂ ዘመን ሲባት አዲሶቹ መሪዎች የወረሱት የውጭ ጉዳይ ሥራ እንግዲህ አንድና ግልጽ ነበር፦ ውሉን ማስቀደድ። አርባ ዓመት ግድም ፈጀባቸው። የኢዋኩራ መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ጠይቀው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኢኖኡዌ ካኦሩ ጃፓን የሠለጠነች መሆኗን ላሳይ ብሎ በ1883 ቶኪዮ ውስጥ ሮኩሜይካን የተባለ የግብዣ አዳራሽ አሠራ። ሚኒስትሮችና ሚስቶቻቸው የአውሮፓ ልብስ ለብሰው ከዲፕሎማቶች ጋር ቫልስ ጨፈሩበት። አውሮፓውያኑ ጨፍረው፣ ጠጥተው፣ ስቀውም ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ውሉ ግን እንዳለ ነበር። በ1886 ኖርማንተን የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ስትሰጥም ካፒቴኑና አውሮፓውያን መርከበኞች በጀልባ ሲተርፉ 25ቱ ጃፓናውያን ተሳፋሪዎች በሙሉ አለቁ። የእንግሊዝ ቆንስል ችሎት መጀመሪያ ካፒቴኑን ነጻ አወጣው፤ ጩኸቱ ሲበረታ የሦስት ወር እስራት ተፈረደበት። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ኢኖኡዌ በዓመቱ ከሥልጣን ወረደ። ተተኪው ኦኩማ ሺጌኖቡ የውጭ ዳኞች በጃፓን ችሎት እንዲቀመጡ የሚፈቅድ የማስማሚያ ሐሳብ ቢያመጣ በ1889 ቦምብ ተወርውሮበት አንድ እግሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ ቶኪዮ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆን ከባዕዳን ጋር መደራደር ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ከገዛ ወገን ቁጣም መዳን ሆነ። በመጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሙትሱ ሙኔሚትሱ በጁላይ 1894 ከእንግሊዝ ጋር አዲስ ውል ተፈራረመ፤ ቆንስላዊው ዳኝነት በ1899 ተሻረ፤ የቀረጥ ነጻነት ደግሞ በ1911 ተገኘ።

ይህን ታሪክ የተበደለች አገር መብቷን ያስመለሰችበት ትግል አድርገን ብቻ ብንተርከው ግን ዋናውን ነገር እንስተዋለን። ጃፓን ገና የራሷ ውል ሳይሻር፣ በ1876፣ የጦር መርከቦቿን ወደ ኮሪያ ልካ የጋንግሁዋን ውል አስፈርማለች። ውሉ ወደብ ያስከፍታል፤ ጃፓናውያንም ኮሪያ ውስጥ በራሳቸው ቆንስል እንዲዳኙ ያደርጋል። ፔሪ ያደረገባትን ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በጎረቤቷ ላይ ደገመችው። በ1879 ደግሞ የሪዩኪዩን መንግሥት አፍርሳ ኦኪናዋ የተባለ ክፍለ ሀገር አደረገችው። የበርሊኑ እራት ትምህርት ሁለት ወገን አለው፤ ጃፓኖቹ ሁለቱንም ተምረዋል።

ቀጣዩን ትምህርት ያስተማራቸው ድል ነበር። በኮሪያ ጉዳይ ከቻይና ጋር ጦርነት ገጥመው አሸነፉና በኤፕሪል 17 ቀን 1895 ሺሞኖሴኪ ላይ ታይዋንን፣ የሊያኦዶንግን ልሳነ ምድርና 200 ሚሊዮን ቴል ብር ካሣ የሚሰጣቸውን ውል አስፈረሙ። ስድስት ቀን ብቻ ቆይቶ የሩሲያ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ወኪሎች ቶኪዮ ውስጥ ቀርበው ለምሥራቁ ሰላም ሲባል ሊያኦዶንግን መልሱ አሉ። ቶኪዮ አማራጭ አልነበራትምና መለሰች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሩሲያ ያንኑ ምድር በኪራይ ስም ከቻይና ወሰደችው። ከዚህ በኋላ የጃፓን መሪዎች የጦር ኃይል ብቻውን እንደማይበቃ ገባቸው። ያሸነፉት በጦር ሜዳ ነበር፤ የተሸነፉት ደግሞ ሦስት ኃያላን ተባብረው ሲመጡባቸው ከጎናቸው አንድም ወዳጅ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከማን ጋር እንወዳጅ የሚል ሆነ። ኢቶ ሂሮቡሚ ከሩሲያ ጋር መስማማት ይሻላል ባይ ነበር፦ ማንቹሪያ ለእነሱ፣ ኮሪያ ለእኛ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካትሱራ ታሮና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሙራ ጁታሮ እንግሊዝን መረጡ። እንግሊዝም በደቡብ አፍሪካ ጦርነት የተዳከመችበት፣ ወዳጅ አልባነቷን የተጠየፈችበት ጊዜ ነበር። በጃንዋሪ 30 ቀን 1902 ለንደን ላይ የተፈረመው ቃል ኪዳን አንዷ አገር ከሁለት ጠላቶች ጋር ብትዋጋ ሌላዋ እንድትረዳት ያስገድዳል። ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ጃፓን ሩሲያን ብትወጋ የሩሲያ ወዳጅ ፈረንሳይ ጣልቃ ልትገባ አትደፍርም፤ ከገባች እንግሊዝ ትመጣባታለች። የ1895 ሦስትዮሽ ዳግመኛ እንዳይመጣ መከላከያው ይህ ሰነድ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሜይ 1905 በቱሺማ የባሕር ወሽመጥ የሩሲያ መርከቦች ባሕር ውስጥ ሲቀሩ ወሬው ከካይሮ እስከ ካልካታ ደረሰ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ጃፓን ጦርነቱን ያካሄደችው ከለንደንና ከኒው ዮርክ በተበደረችው ገንዘብ መሆኑ ነው። ወታደሩም ገንዘቡም እያለቀ ስለነበር በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አስታራቂነት ፖርትስመዝ ላይ ሰላም ስትፈርም ካሣ ሳታገኝ ቀረች። ይህን ያልተረዳው የቶኪዮ ሕዝብ ሂቢያ መናፈሻ ተሰብስቦ ፖሊስ ጣቢያዎችን አቃጠለ።

ከአድዋ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጣው ይህ ድል ኢትዮጵያ ውስጥም ጃፓንን አርአያ አደረጋት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የእሳቸው ዘመን ምሁራን ጃፓንን በአድናቆት ያነሷት የነበረው ለዚህ ነው። የጦርነቱ ዋጋ የወደቀባት ኮሪያ ግን ከዚያው ዓመት ጀምሮ በጃፓን ሞግዚትነት ሥር ገባች፤ በ1910 ጨርሳ ተዋጠች። አርአያነቱን ስናነሣ ይህንንም አብሮ ማንሣት ይገባል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ከእንግሊዝ ጎን ሆና ጀርመን በቻይናና በፓሲፊክ የያዘቻቸውን ቦታዎች በትንሽ ድካም ወሰደች። በ1919 ፓሪስ ላይ ከአምስቱ ትልልቆች አንዷ ሆና ተቀመጠች። ወኪሏ ማኪኖ ኖቡአኪ በመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ የዘር እኩልነት እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ። ከ17ቱ ድምፅ 11 አገኘ። ሰብሳቢው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ግን እንዲህ ላለው ጉዳይ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል ብሎ ጣለው። አውስትራሊያ አጥብቃ ተቃውማለች፤ እንግሊዝም የግዛቷን ልጅ ማስቀየም አልፈለገችም። ኮሪያን የምትገዛ አገር ስለ እኩልነት ስትናገር የሚሰማው ተቃርኖ እንዳለ ሆኖ፣ ውሳኔው ቶኪዮ ውስጥ የተወው ቂም እውነተኛ ነበር። በ1924 አሜሪካ የጃፓን ስደተኞችን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ ቂሙ ተባባሰ።

እኔ ግን የሚቀጥለውን ጥፋት ያቀረበው ከቂሙ ይልቅ የወዳጅ ማጣት ይመስለኛል። በ1921 እና በ1922 የተካሄደው የዋሽንግተን ጉባኤ የእንግሊዝና የጃፓንን ቃል ኪዳን በአራት አገሮች ልል ስምምነት ተካው፤ ቃል ኪዳኑ በ1923 አበቃ። አሜሪካ የፈለገችው ይህን ነበር፤ እንግሊዝም ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ስትባል አሜሪካን መረጠች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሺዴሃራ ኪጁሮ የተቻለውን አደረገ፤ በቻይና ጉዳይ ጣልቃ አልገባም፣ በንግድ እንኖራለን የሚል መንገድ ያዘ። ንግዱ በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ሲደረመስ ፖሊሲውም የቆመበት መሬት ከዳው። በሴፕቴምበር 18 ቀን 1931 ማንቹሪያ የሰፈረው የጃፓን ጦር ራሱ የባቡር ሐዲድ ላይ ፈንጂ አፈንድቶ ቻይኖች አደረጉት አለና ያንን ሰፊ ምድር ያዘ። የቶኪዮ መንግሥት ነገሩን የሰማው ከሆነ በኋላ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በፌብሩዋሪ 1933 በ42 ድምፅ ለአንድ ሲያወግዝ፣ አንዷ ድምፅ የጃፓን ነበረች፣ የጃፓኑ ወኪል ማትሱኦካ ዮሱኬ ልዑካኑን አስከትሎ ከአዳራሹ ወጣ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ አገሮች በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። የ1931ዱ ሕገ መንግሥት፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት፣ ብዙ ነገሩን ከሜይጂ ሕገ መንግሥት የወሰደ ነው። በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ሄዱ፤ በክብር ተቀበሏቸው፤ ሲመለሱም ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው አስነበቡ። የጃፓን አቡጀዲ የኢትዮጵያን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገባ ነው የሚለው ወሬ ሮምን እስከ ማስቆጣት ደረሰ፤ ጋብቻውም ሳይሆን ቀረ። ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ የጃፓን ብሔርተኞች ለኢትዮጵያ ጮኹ፤ ጋዜጦችም ጮኹ። በጁላይ 1935 ሮም ያለው አምባሳደር ሱጊሙራ ዮታሮ ግን አገሩ በጉዳዩ ጣልቃ እንደማትገባ ለሙሶሊኒ አረጋገጠ። ቶኪዮ ውስጥ ቁጣ ተነሣበት፤ ሚኒስቴሩም ከቃሉ ትንሽ ለማፈግፈግ ሞከረ። ሥራው ግን እንደ አምባሳደሩ ቃል ሆነ። በ1936 መጨረሻ ጃፓን አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የጣሊያንን ይዞታ ተቀበለች፤ ጣሊያንም በማንቹሪያ የጃፓንን ይዞታ ወደ መቀበል ሄደች። ኢትዮጵያ በማንቹሪያ ተመነዘረች።

ይህን ክህደት ብለው የሚጽፉ አሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ክህደት ቃል ኪዳንን ይጠይቃል፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ደግሞ የንግድ ውል እንጂ የጦር ቃል ኪዳን አልነበረም። የኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓንን ያዩአት ነጮችን ያሸነፈች የቀለም እኅት አድርገው ነው። የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን ራሱን እንዲያ አድርጎ አይቶ አያውቅም። የእሱ ጥያቄ ያኔም ከማን ጎን እንቁም የሚል ነበር፤ በ1936 ያገኘው መልስ ጀርመንና ጣሊያን ሆኑ።

መልሱ የተሳሳተ ነበር። በ1937 ከቻይና ጋር የተጀመረው ጦርነት ማለቂያ አጣ። ናንጂንግ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋም የጃፓንን ስም እስከ ዛሬ ይከተለዋል። በሴፕቴምበር 1940 ማትሱኦካ፣ አሁን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ፣ የሦስትዮሹን ቃል ኪዳን አስፈረመ፤ አሜሪካን ያስፈራታል ብሎ አስቦ ነበር። አሜሪካ ግን ጠነከረች። በ1941 በጋ የጃፓን ጦር ወደ ደቡብ ኢንዶቻይና ሲገባ ነዳጅ ከለከለቻት፤ ጃፓን ደግሞ ከምታስገባው ነዳጅ አብዛኛውን የምትገዛው ከዚያችው ከአሜሪካ ነበር። የፐርል ሀርበር ጥቃት የመጣው በአራት ወሩ ነው። የ1902 ሰዎች ከኃያሉ ጎን ለመቆም ሲሉ ሰባት ዓመት ግድም አሰላስለዋል። የ1940 ሰዎች ጀርመን በጥቂት ሳምንት ፈረንሳይን ስታንበረክክ አይተው አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ብለው ዘለሉ።

ከ1945 ሽንፈት በኋላ ነገሩን ወደ ጥንቱ ስሌት የመለሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮሺዳ ሺጌሩ ነው። ዮሺዳ አሮጌ ዲፕሎማት ነበር፤ በለንደን አምባሳደር ሆኖ አገልግሏል፣ የእንግሊዝን ቃል ኪዳን ዘመንም በናፍቆት ያስታውሳል። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1951 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጃፓንን ጨምሮ 49 አገሮች የሰላሙን ውል ፈረሙ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ሶቪየት ኅብረት አልፈርምም አለች፤ ቻይና አልተጠራችም። በዚያው ቀን ዮሺዳ ወደ አንድ የጦር ሰፈር ሄዶ ከአሜሪካ ጋር የጸጥታውን ውል ከጃፓን በኩል ብቻውን ፈረመ። ሌሎቹ ልዑካን ስማቸው እንዳይነሣበት የፈለገ ይመስላል፤ ውሉ የማይወደድ መሆኑን ያውቃልና። አሜሪካ በጃፓን ምድር ጦር ታሰፍራለች፤ ጃፓን ደግሞ ኢኮኖሚዋን ትገነባለች። ዋሽንግተን ትልቅ ጦር አቋቁሙ ብላ ስትጨቀጭቀው ዮሺዳ ያንኑ አሜሪካኖች የጻፉትን ሕገ መንግሥት፣ ጦርነትን የሚከለክለውን 9ኛውን አንቀጽ፣ እየጠቀሰ እምቢ አለ። ከዚህ የሚበልጥ ብልጠት በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የለም። ኦኪናዋ ግን እስከ 1972 በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ቆየች፤ ዛሬም የሰፈሩ ሸክም በዋነኛነት የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው።

ከኃያሉ ጎን የሚቆም ደግሞ ኃያሉ ሲዞር መዞር አለበት። ቶኪዮ በአሜሪካ ግፊት ሃያ ዓመት ታይዋንን ብቻ ቻይና ብላ ኖራ ነበር። በጁላይ 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤይጂንግ ልሄድ ነው ብሎ ሲያውጅ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳቶ የሰማው ንግግሩ ሊተላለፍ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በዓመቱ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ታናካ ካኩዌይ ራሱ ቤይጂንግ ሄዶ ከአሜሪካ ቀድሞ ግንኙነቱን መሠረተ። በ1973 ዓረቦች ነዳጅ ሲዘጉ ደግሞ፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኪሲንጀር ቶኪዮ ድረስ መጥቶ እየለመነም፣ ጃፓን እስራኤል ከያዘችው ምድር ትውጣ የሚል መግለጫ አወጣች። ነዳጅ ላይ ሲመጣ ወዳጅነትም ወሰን አለው።

በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ጃፓን 13 ቢሊዮን ዶላር ከፈለች፤ ወታደር አልላከችም። ኩዌት ነጻ ስትወጣ በአሜሪካ ጋዜጦች ባወጣችው የምስጋና ማስታወቂያ ላይ የጃፓን ስም አልነበረም። ይህ ቶኪዮን እንዴት እንዳቃጠላት የገባው የሚቀጥሉትን ሠላሳ ዓመታት ይረዳል። በ1992 ወታደሮች በሰላም ማስከበር እንዲሠማሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ2011 ከሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች መርከቦችን ለመጠበቅ ጅቡቲ ላይ ሰፈር ከፈተች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በውጭ አገር የከፈተችው የመጀመሪያው ነው፣ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሚያልፍበት ወደብ አጠገብ። በ2015 ጥቃት የደረሰበትን ወዳጅ አግዞ መዋጋት በተወሰነ ሁኔታ ተፈቀደ፤ ያንን ያስፈጸመው ጠቅላይ ሚኒስትር አቤ ሺንዞ በሚቀጥለው ዓመት ናይሮቢ ላይ የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ነጻና ክፍት ይሁኑ የሚለውን ዕቅዱን አወጀ። የዕቅዱ ስም ቻይናን አይጠራም፤ ሁሉም ግን ስለ ማን እንደሆነ ያውቃል።

ቶኪዮ ውስጥ አሁን የሚከራከሩት ከአሜሪካ እንለይ አንለይ ብለው አይደለም፤ ያንን የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው። ጭንቀቱ አሜሪካ ራሷ ብትለየንስ ነው። በዲሴምበር 2022 መንግሥት ለረጅም ጊዜ ከጥቅል ምርት 1 በመቶ አካባቢ የቆየውን የመከላከያ ወጪ በ2027 ወደ 2 በመቶ ለማድረስ ወሰነ። በዚያው ወር ጃፓን ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር አዲስ ተዋጊ ጀት በጋራ ለመሥራት ተስማማች። ከ1945 ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ የጦር መሣሪያ ሥራ ከአሜሪካ ሌላ ከሆነ አገር ጋር ስትጀምር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።